ስልኩ አልወደቀም፤ ጀርባው ግን ተሰነጠቀ

ማታ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ። ጠዋት ሳነሳው ጣቴ ስር የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። ገልብጬ አየሁት። ከጎን ጠርዙ ተነስታ ወደ ካሜራው የምታመራ ቀጭን መስመር ጀርባው ላይ ተጋድማለች። ፀጉር መስላኝ በእጄ ጠረግኳት። አልሄደችም። ጥፍሬን ሳሳልፍባት ያዝ አደረገችኝ።

ቤት ውስጥ ልጅ የለም። ጠረጴዛው ላይ ከስልኩ ሌላ የነበረው የውሃ ብርጭቆ ብቻ ነው። ማታ ሳስቀምጠው ደህና ነበር።

መገናኛ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ይዤው ሄድኩ። ገና ከእጄ ሲቀበለኝ «ወድቋል» አለ። «ኧረ አልወደቀም ወንድሜ፤ ጠረጴዛ ላይ ነው ያደረው» አልኩት። ከጎኔ የቆመች ሴት ቀበል አድርጋ «የኔም እንደዛው ነው፤ በማርያም አልጣልኩትም! ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ነው የተሰነጠቀው» አለች። ጠጋኙ አልተከራከረንም። ለቦርድ ሥራ በሚጠቀምበት ማይክሮስኮፕ ስር ስልኬን አስተካክሎ አስቀመጠና «ና እስቲ እየው» አለኝ።

መስመሯ ከምትነሳበት ጠርዝ ላይ የጤፍ ፍሬ የማታክል ጉድጓድ አለች። ውስጧ ጠቁሯል። «ይሄ የገባበት ቆሻሻ ነው» አለኝ። «ትናንት የተሸረፈ ቢሆን ውስጡ ንጹህ ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር። ይሄ አቧራና ላብ ጠግቧል። ወራት ሆኖታል።»

ያኔ ትዝ አለኝ። ከሦስት ወር በፊት ከታክሲ ስወርድ ስልኩ ከኪሴ ወጥቶ አስፋልት ላይ ወድቆ ነበር። አንስቼ ስክሪኑን አየሁ፤ ደህና ነው። «ተመስገን» ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ከቨሩን አውልቄ ጠርዙን አላየሁም። ማን ያያል?

እንግዲህ እኔም ልክ ነበርኩ፣ ጠጋኙም ልክ ነበር። ስልኩ በዚያች ሌሊት አልወደቀም። ጉዳቱ ግን የዚያች ሌሊት አልነበረም። ስልክ ሲሰነጠቅ ሁላችንም የምንጠይቀው ወደቀ ወይስ አልወደቀም ብለን ነው። የሚያሳስተን ይሄው ጥያቄ ነው። መስታወት የሚጎዳበት ቀንና የሚሰነጠቅበት ቀን ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

ይህ እንዲገባን ከሞባይል ቤት ይልቅ መስታወት ቤት መሄድ ይሻላል። መርካቶ መስታወት ያስቆረጠ ሰው ነገሩን አይቶታል። ቆራጩ መዶሻ አያነሳም። ማስመሪያውን ያስተካክልና ጫፏ ላይ ትንሽ ጥርስ ባላት መቁረጫ አንዴ ጫር ያደርገዋል። ጭረቷ ላይ ላዩን ናት፤ መስታወቱን ዘልቃ አትሄድም። ከዚያ የጠረጴዛው አፋፍ ላይ አድርጎ በመዳፉ ጫን ሲለው መስታወቱ ጭረቷን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ጭረቷ ባትኖር በዚያ ጉልበት ንቅንቅ አይልም ነበር።

ሥራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ጭረት፣ ቀጥሎ ትንሽ ጫና። ቆራጩ ሁለቱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያከናውናቸዋል። በስልካችን ጀርባ ላይ ግን በጭረቱና በጫናው መካከል ሦስት ወር ሊያልፍ ይችላል።

ብረት እንደዚህ አይደለም። ብረት ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ይሰረጉዳል፣ ጉልበቱን እዚያው ይውጠዋል። መስታወት ጎብጦ መቅረት አያውቅም። ያለው ምርጫ መቻል ወይም መሰንጠቅ ነው። የተጫነው ኃይል ሁሉ ደግሞ ተሰብስቦ የጭረቱ ጫፍ ላይ ያርፋል። ጫፉ በሾለ ቁጥር እዚያች ነጥብ ላይ ያለው ውጥረት ይበዛል።

ይህን በሒሳብ ያስቀመጠው አላን አርኖልድ ግሪፊዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጥናቱ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ላይ አተኮረ። የመስታወትን አተሞች ያያያዘው ኃይል ሲሰላ፣ መስታወት በተግባር ከሚችለው 100 እጥፍ ገደማ መቻል ነበረበት። ታዲያ ጉልበቱ የት ሄደ? ግሪፊዝ መስታወት እያቀለጠ ወደ ቀጫጭን ክሮች ጎተተና እየሳበ በጠሳቸው። ክሩ በቀጠነ ቁጥር ከውፍረቱ አንጻር እየበረታ ሄደ። ምክንያቱ ግልጽ ሆነለት። ተራው መስታወት ገጹ ላይ በዓይን በማይታዩ ስንጥቆች የተሞላ ነው፤ ቀጭኑ ክር ላይ ግን ለትልልቅ ስንጥቆች ቦታ የለም። መስታወት የሚሰበረው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ቆስሎ ስለሚኖር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ጋ መያዝ አለበት። ስንጥቅ የሚከፈተው ሲሳብ ነው። ሲጨመቅ ይዘጋል። የስልክ መስታወት አሠራር በሙሉ የቆመው በዚህች እውነት ላይ ነው።

የስልክ መስታወት ተራ የመስኮት መስታወት አይደለም። ከተሠራ በኋላ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በጋለ የፖታሲየም ጨው ቅልጥ ውስጥ ይነከራል። እዚያ ውስጥ ከመስታወቱ ገጽ ትንንሾቹ የሶዲየም አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አተሞች) ይወጣሉ፤ በቦታቸው ትልልቆቹ የፖታሲየም አዮኖች ይገባሉ። ከታክሲ የኋላ ወንበር ሦስት ሕጻናት ወርደው በቦታቸው ሦስት ጎልማሶች እንደገቡ አስቡት። ወንበሩ ያው ነው፤ ሰዎቹ ግን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል። የመስታወቱም ገጽ እንደዚሁ ይጨመቃል። ጭረት ቢያርፍበት እንኳ ግራና ቀኙ ጨምቆ ይዘጋዋል። አሜሪካዊው ኮርኒንግ ኩባንያ እንዲህ ዓይነት መስታወት በ1960ዎቹ ሠርቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ገበያ አላገኘለትም። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ሲወጣ ነው ዘመኑ የመጣለት። ዛሬ ጎሪላ ግላስ በሚለው ስም ሁላችንም እናውቀዋለን።

ግን ይህ ብርታት ዕዳ አለው። ገጹ ሲጨመቅ መሐሉ በምላሹ ይወጠራል። የተጨመቀው ሽፋን ደግሞ ስስ ነው፤ በብዙ ስልኮች ላይ ከ40 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ብዙም አይርቅም። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው። ስለዚህ ከፀጉር የቀጠነ ጥልቀት ያለው ጉዳት ሽፋኑን በስቶ ወደተወጠረው መሐል ሊደርስ ይችላል። አዳዲሶቹ መስታወቶች ሽፋናቸው ጠለቅ እንዲል ተደርገዋል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ጭረቱ ሽፋኑን ካለፈ በኋላ የስንጥቁ ጫፍ የሚያርፈው ሁልጊዜ እየተሳበ ባለ ቦታ ላይ ነው። ማንም ሳይነካው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ እየተሳበ ነው።

ይህን በጉልህ የሚያሳይ የቆየ ነገር አለ። የቀለጠ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጠብ ሲል ጅራት ያላት እንባ መሳይ ጠብታ ይሆናል። በ1660ዎቹ ልዑል ሩፐርት ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ቻርልስ አምጥቶት ስለነበር እስከ ዛሬ የልዑል ሩፐርት ጠብታ ይባላል። የጠብታውን ራስ በመዶሻ ብትመቱት ይችላል። ቀጭኗን ጅራት ስትሰብሩ ግን ሙሉው ጠብታ በአንድ ጊዜ ዱቄት ይሆናል። ውጪው የተጨመቀ፣ ውስጡ የተወጠረ ነዋ። የስልክ መስታወት እንደዚያ አይፈነዳም፤ የተጠራቀመበት ውጥረት በጣም ያነሰ ነው። ባሕርዩ ግን የዚያው ዘመድ ነው።

እሺ፣ ጭረቱ ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ነበር እንበል። ለምን ያን ጊዜውኑ አልሰነጠቀም? ለምን በዚያች ሌሊት?

መልሱ ውሃ ነው። ስልኩ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ይበቃል። የስንጥቁ ጫፍ ላይ የመስታወቱ አተሞች ተወጥረው ተያይዘዋል። የውሃ ሞለኪውል እዚያች ጠባብ ቦታ ይገባና የሲሊኮንንና የኦክስጅንን ትስስር አንድ በአንድ ይበጥሳል። አንዱ ሲበጠስ ስንጥቁ በአንድ አተም ያህል ይረዝማል፤ ቀጣዩ ተራውን ይጠብቃል። ሼልደን ዊደርሆርን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1967 ይህን ለክቶ አሳይቷል። አየሩ እርጥብ በሆነ ቁጥር ስንጥቁ በፍጥነት ይሄዳል። መስታወት ለአንድ ሰከንድ የሚችለውን ጫና ለወራት የማይችለው ለዚህ ነው።

ይህ አዝጋሚ ጉዞ ዝም ብሎ ይቀጥላል። የስንጥቁ ርዝመት አንድ ወሰን ሲያልፍ ግን አካሄዱ በአንዴ ይለወጣል። ውሃ አያስፈልገውም፤ የመስታወቱ የራሱ ውጥረት ይገፋዋል። በዚያ ሁኔታ ስንጥቅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ሊሮጥ ይችላል። የስልክ ጀርባን ለማቋረጥ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይፈጅበትም። ቀጭ የሚል ድምፅ የሰማ ሰው «አሁን ተሰነጠቀ» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ያየው የመጨረሻውን ገጽ ነው።

የመጀመሪያው ቁስል ከየት ይመጣል? አንዱ እንደኔ የተረሳ ውድቀት ነው። ሌላው ግን ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፤ አቧራ። ስልክን ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ መክተት ያስፈራናል። ቁልፍ ግን ብዙ ጊዜ ከመስታወቱ የለሰለሰ ነው። አሸዋ ነው የሚከፋው። የአሸዋ ዋናው ማዕድን ኳርትዝ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል፤ የስልክ መስታወት ከዚያ ዝቅ ይላል። የአዲስ አበባ የበጋ አቧራ ውስጥ ይኸው ደቃቅ አሸዋ አለ። ከቨሩ ስር ይገባል፣ እዚያው ይቀመጣል፣ ስልኩን ባነሳንና ባስቀመጥን ቁጥር ይፈጫል። እስቲ አሁን ከቨራችሁን አውልቁና የውስጥ ጥጉን በጣታችሁ ንኩት። የሚሻክር ነገር ካገኛችሁ እሱ ነው። መጠበቂያ ብለን የገዛነው ነገር መጨረሻ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ያርፋል። አይፎን 4 በ2010 በሁለት ፊት መስታወት ሆኖ ሲመጣ፣ ተንሸራትተው የሚገቡ ከቨሮች ቅንጣት ይዘው ጀርባውን ይጭራሉ የሚል ወሬ በዚያው ዓመት ተነስቶ ነበር።

የመጨረሻውን ግፊት የሚሰጡ ነገሮች ደግሞ ብዙ ናቸው። የኋላ ኪስ ውስጥ ሆኖ መቀመጥ ይታወቃል። ስልኩ በትንሹ ይጎብጣል፤ በጎበጠበት በኩል ያለው ገጽ ይሳባል። ልክ መስታወት ቆራጩ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የሞላ ቦርሳ ውስጥ በመጽሐፍና በውሃ ኮዳ መካከል የተጨመቀ ስልክም እንደዚሁ። ሞባይል ቤት ያገኘኋት ሴት እውነቷን ነበር ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ሙቀት ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ የተጋነነ ነገር ይወራበታል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከመስታወት በእጅጉ ይበልጥ ይለጠጣል። 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስልክ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር አሉሚኒየሙ ፍሬም 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። መስታወቱ 0.04 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ የአንድ ፀጉር ውፍረት ነው። በመካከላቸው ያለው ማጣበቂያ ለስላሳ ስለሆነ ይህን ይችለዋል። ሌላው ችግር ሙቀት እኩል አለመሆኑ ነው። ቻርጅ ሲደረግ መሐሉ ይግላል፣ ጠርዙ ቀዝቀዝ ይላል። የጋለው መሐል ሊሰፋ ሲል ጠርዙን ይስበዋል። ተራ የመስኮት መስታወት በመሐሉና በጠርዙ መካከል 40 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ሲኖር ሊሰነጠቅ ይችላል። በጨው የተጠናከረው የስልክ መስታወት ከዚያ በጣም የሚበልጥ ይችላል። ስለዚህ ጤነኛ ጀርባ በሙቀት ብቻ ተሰነጠቀ ቢሉኝ ለማመን እቸገራለሁ። ጠርዙ ላይ ቁስል ካለው ግን ሙቀት በቂ ነው።

ይህን ነገር በየቀኑ የሚኖሩት የታክሲ ሹፌሮች ናቸው። ስልኩ መስታወቱ ስር ፀሐይ ይመታዋል፣ ካርታ በርቶበታል፣ ቻርጅ ተሰክቶበታል። ዱባይና ሪያድ ያሉ ወገኖቻችን ጋ ደግሞ ይብሳል። ስልክ መያዣው የመኪናው ኤሲ አፍ ላይ ይሰካል፤ ፊቱ በፀሐይ ሲጋገር ጀርባው በረዶ አየር ይነፋበታል። ስልኩ ሲግልበት ለአምስት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ የሚከት ጓደኛ አለኝ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መስታወቱ ቢተርፍ እንኳ ውስጡ የሚጤዘው ውሃ ሌላ ጣጣ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ባትሪ ነው። ሊትየም ባትሪ ሲያረጅ ወይም በሙቀት ሲጎዳ ውስጡ ጋዝ ይፈጠርና ያብጣል። በድሮዎቹ ቁልፍ ስልኮች ባትሪውን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ እናሽከረክረው ነበር፤ ከዞረ አብጧል ማለት ነው። አሁን ባትሪው ታሽጎ ስለተቀመጠ ያን ማድረግ አንችልም። ያበጠው ባትሪ የሚገፋው መስታወቱን ነው። ጀርባው ሳይወድቅ ከተሰነጠቀ፣ በተለይ ጠርዙ ከፍሬሙ ትንሽ ከተላቀቀ ወይም ስልኩ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ከተወዛወዘ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። በእጅ ጫን አድርጎ ለመመለስ መሞከር አደገኛ ነው። ያበጠ ባትሪ ከተበሳ ወይም ከተጨመቀ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፣ አጥፉት፣ ለሚያውቅ ሰው ውሰዱት። ትራስ ስር ስልክ አድርጎ የሚተኛ ሰው ይህን አንቀጽ ሁለቴ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ጥገናም ራሱ ቁስል ሊያመጣ ይችላል። የተሰበረ ጀርባ ሲነሳ የድሮው ሙጫና የመስታወት ስባሪ በደንብ ካልተጠረገ አዲሱ መስታወት እኩል አይቀመጥም። አንዲት የስባሪ ቅንጣት ስሩ ብትቀር መስታወቱ እሷ ላይ ተደግፎ ይኖራል። ከጥገና በኋላ በሳምንቱ «በራሱ» የተሰነጠቀ ጀርባ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው። ስክሪን ላይ የምንለጥፈው ግላስም ከጥግ ተነስቶ ሲሰነጠቅ ያየ ሰው ተመሳሳይ ነገር አይቷል። ከቨሩ ጠርዙን እየገፋው፣ ወይም ስሩ አቧራ ገብቶ ነው።

አምራቾችም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። በ2021 አሜሪካ ውስጥ የጋላክሲ ኤስ20 የኋላ ካሜራ መስታወት ሳይመታ ይሰበራል የሚል ክስ በሳምሰንግ ላይ ቀርቦ ነበር። በ2022 መጨረሻም የጉግል ፒክስል 7 ባለቤቶች የካሜራ መስታወታቸው ሳይወድቅ እንደተሰነጠቀ ተናግረዋል፤ አንዳንዶቹ ከብርዱ ጋር አያይዘውታል። እነዚህ የተጠቃሚዎች አቤቱታዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ስልክ ላይ ምን እንደደረሰ ማይክሮስኮፕ ስር ያላዩት ሰው ሊናገር አይችልም። ካሜራ አካባቢ መሆኑ ግን አይገርምም። መስታወት ላይ ቀዳዳ ሲወጣ ውጥረት ጥጎቹ ላይ ይሰበሰባል።

ታዲያ ለምን መስታወት? የሚሰጠን መልስ ገመድ አልባ ቻርጅ ነው። እውነት ነው፤ የብረት ጀርባ ገመድ አልባ ቻርጅን ይከለክላል፣ የሬዲዮ ሞገድንም ያግዳል። አይፎን በ2017 ከአሉሚኒየም ወደ መስታወት የተመለሰው ከዚህ ጋር ነው። ፕላስቲክ ግን አንዱንም አይከለክልም። በ2021 የወጣው ጋላክሲ ኤስ21 ጀርባው ፕላስቲክ ነው፤ ገመድ አልባ ቻርጅም አለው። ስለዚህ መስታወት ግዴታ አይደለም። ሲነካ ውድ ስለሚመስል የተመረጠ ነው። የዚያ ምርጫ ዋጋ ግን የሚከፈለው ሞባይል ቤት ነው፤ ከፋዩም ገዢው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስልካቸውን ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርጉ ስንት ሰዎች ታውቃላችሁ?

ማስታወቂያውም አሳስቶናል። መስታወት የሚሸጠው በውድቀት ከፍታ ነው። ከሁለት ሜትር ወድቆ ተረፈ፣ ኮንክሪት ላይ ወድቆ ተረፈ። ስለዚህ እኛም የስልክ ጠላት መውደቅ ብቻ ይመስለናል። የዋስትና ወረቀቱም በዚያው መንፈስ ነው የሚጻፈው። ስንጥቅ በአብዛኛው «በአደጋ የደረሰ ጉዳት» ተብሎ ከዋስትና ውጭ ይሆናል፤ ደንበኛው አልወደቀም ቢል የሚሰማው የለም። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ስልኮች ላይ መለያ ምልክት እንዲደረግ አስገድዷል። ተደጋጋሚ ውድቀትን ምን ያህል እንደሚችሉ በደረጃ ይጻፍበታል። ለጥገና የሚሆኑ መለዋወጫዎችም ሽያጩ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት እንዲገኙ ያዝዛል። ሁለተኛው በእጅጉ ያስደስተኛል። የመጀመሪያው ግን አሁንም የሚለካው ውድቀትን ነው። ቆስሎ ስድስት ወር የቆየ መስታወት ምን እንደሚሆን የሚነግረን ደረጃ የለም።

ከጠጋኙ የተማርኩት ትልቁ ነገር ስንጥቅ ይነበባል የሚለው ነው። አንድ ነጥብ ላይ ተፈጭቶ ከዚያ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ከሆነ ተመትቷል። ከጠርዝ ተነስቶ ሳይበታተን ብቻውን እየተጣመመ የሚሄድ አንድ መስመር ከሆነ ደግሞ ቀስ ያለ ጫና፣ ሙቀት ወይም ከውስጥ የመጣ ግፊት ነው የሚጠረጠረው። ስንጥቅ በቅርንጫፍ ብዛቱ ሲሰበር የነበረበትን ውጥረት ይናገራል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ «ወድቋል» ሲሏችሁ ክርክሩን ትታችሁ መነሻው የቱ ጋ እንደሆነ አብራችሁ እዩ። ውስጡ ንጹህ ነው ወይስ ጠቁሯል? አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ስልክ ስትገዙ፣ በተለይ ያገለገለ ስልክ ስትገዙ፣ ከቨሩን አስወልቁና አራቱን ጥግ በመብራት እዩ። ስልኩ ሲወድቅም ስክሪኑን ብቻ አይታችሁ አታመስግኑ። ከቨሩን በሳምንት አንዴ አውልቆ በውሃ ማጠብ፣ ጀርባውን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ከየትኛውም ውድ ከቨር በላይ ይጠቅማል። ጠርዙ ላይ ሽርፍ ካገኛችሁ እሱ አይድንም፤ የኋላ ኪስንና የመኪና ፀሐይን መራቅ ግን ዕድሜ ይጨምርለታል።

የኔን ጀርባ ለመቀየር የተጠየቅኩት ዋጋ የወር አስቤዛዬን ስለሚያክል ለጊዜው ተውኩት። ላዩ ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ያን ቀን የስንጥቁ ጫፍ ከካሜራው ሁለት ጣት ይርቅ ነበር። በቀጭን ማርከር ጫፉ ላይ ምልክት አድርጌ ቀኑን ጻፍኩ። በሳምንቱ ሳየው ምልክቱን አልፎ የሩዝ ፍሬ ያህል ሄዷል። ሁለተኛ ምልክት አደረግኩ። ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡም በረታ። ሦስተኛ ምልክት፣ አራተኛ ምልክት። ስልኩን አንድም ቀን አልጣልኩትም። ዛሬ ጠዋት ፕላስተሩን ገልጬ አየሁት፤ መስመሯ የካሜራው ጥግ ጋ ደርሳለች።